የቀትር አጫጅ

አሳየሽ ዳና ህንድ አገር ልትሄድ ነው የተባለ ጊዜ ወላይታ ሁምቦ ላይ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሐዋሳን እንኳ ያየችው አንዴ ነው፣ እሱም ታማ ለሐኪም። ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ግትር ናት፤ አንዴ "አይሆንም" ካለች የቀበሌው ሊቀመንበርም ፓስተሩም ተደርበው ቢመጡ አይመልሷትም። ሰው የሳቀው ግን በክፋት አይደለም። "የህንድ ነብር አበቃለት፣ አሳየሽ ተቆጥታው ትመጣለች" እያሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ በላይ ያለው ተራራ ድሮ ዛፉ አልቆ ቀይ አፈር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰዉ ማኅበር አቋቋመ፤ ከከብትና ከመጥረቢያ ከለከለው። ጉቶው አቆጠቆጠ፣ ደን ሆነ። ደን ሲመለስ ደግሞ አውሬ ተመለሰ። ከርከሮ በቆሎውን ይገለብጣል፣ ጅብ አህያ ይበላል፣ ነብርም ታይቷል ይባላል። እንግዲህ ከዞን ቢሮ ሰዎች መጥተው፣ ደቡብ ህንድ ውስጥ አንድ የደን ፓርክ አለ፣ ዝሆንና ነብር ከገበሬ ጎን ይኖራል፣ ሄደን ልምድ እንውሰድ አሉ። ከማኅበሩ አንድ የደን ጠባቂ ይምጣ ተባለ። ጠባቂ ከተባለ አሳየሽ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተራራው አንድ ቀን አልቀረችም። ዝናብ አላስቀራትም፣ ወባም አላስቀራትም።

ሐሙስ ዕለት የጉዞውን ፎርም እንድትሞላ ወደ ዞኑ ከተማ ሶዶ ጠሯት። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶፍያ የምትባል ወጣት ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ዶክተር መክብብ አለ፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዶክተርነቱን የተማረው እዚያው ህንድ ነው፤ ፓርኩን እንደ አባቱ ጓሮ ያውቀዋል።

"ታኅሣሥ ላይ እንሄዳለን፤ ዝናቡ አልቆ ሙቀቱ ሳይመጣ" አላት። "ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጂፕ እንገባለን። ነጭ ልብስ አይለበስም፣ ቀይም አይለበስም። ሽቶ የለም። ጮክ ብሎ ማውራት የለም። ከመኪና መውረድ ፈጽሞ ክልክል ነው።"

"ካልወረድኩ ደኑን በምኔ ላየው ነው?" አለች አሳየሽ።

"በዓይንዎ ነዋ፣ እትዬ አሳየሽ።"

"ደን የሚታየው በእግር ነው። አንተ ዶክተር ሆነህ ይሄን አታውቅም?" አሳየሽ ለሹምም ለሕፃንም "አንተ" ነው የምትለው።

ሶፍያ ሳቀች። "ከወረዱ ዝሆን ይመጣብዎታል።"

"ገበሬዎቹ ዝሆኑን በምን እንደሚያባርሩት ያውቃሉ?" አለ ዶክተሩ። "በበርበሬ። ገመድ ላይ ቀብተው በማሳው ዙሪያ ይወጥሩታል።"

"ታዲያ አንድ ጣሳ ዳታ በርበሬ ይዤ እሄዳለኋ! የኔን ዳታ የቀመሰ ዝሆን ተመልሶ አይመጣም፣ ሰው እንኳ አልተመለሰም።"

ሦስቱም ሳቁ። ሶፍያ እየሳቀች ወደ ፎርሙ ተመለሰች። ጋባዦቹ የላኩት ነው፤ የቤተሰብ ሁኔታ ይጠይቃል።

"ባለቤትዎ?"

"ደገፉ።"

"ልጆች?"

"አራት። ወይንሸት፣ ሃያ አንድ። ሳሚ፣ አሥራ ሰባት። እስራኤል፣ አሥራ አራት። ሩት፣ አሥር።"

ሶፍያ ጻፈች፣ ከዚያ እጇ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያለ ሌላ ወረቀት አየች፣ ዶክተሩን አየች። "ወይንሸት... በሕይወት አለች?"

"ሞተች ያለሽ ማን ነው?"

አሳየሽ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ወሰደች። የጉዞው ፕሮግራም ነው። ማንበብ ትችላለች፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደሉን እየለቀመች። "ስምንተኛ ቀን። በአውሬ ልጆቻቸውን ካጡ እናቶች ጋር ውይይት። ከኢትዮጵያ በኩል ተወያይ፣ ወይዘሮ አሳየሽ ዳና፣ ልጇን በአውሬ ያጣች።"

መጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

"ይህን ማን ነገረህ?"

"ባለቤትዎ" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። "የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። እትዬ አሳየሽ፣ እነዚያን እናቶች አውቃቸዋለሁ፤ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። የደን ቢሮው የሞተውን ሰው ስም ይጽፋል፣ እናትየው ስሙን ይዛ ትናገራለች። እርስዎንም የሚያሳርፍዎት መስሎኝ ነው።"

"ልጄ ጠፋች እንጂ አልሞተችም።"

"ፎርሙ ላይ ያለው ሁለት ብቻ ነው" አለች ሶፍያ፤ ድምፅዋ የሚለምን ይመስላል። "አለ ወይም ሞቷል። ፕሮግራሙና ፎርሙ ካልተስማማ ይመልሱብናል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስም ዝርዝሩ ይላካል። ካልሆነ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው..."

"ሰኞ እመጣለሁ" አለች አሳየሽ፤ ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከታ ወጣች።

ከሶዶ በሚኒባስ ጠበላ፣ ከጠበላ በጋሪ። ባለጋሪው የሚያውቃት ነው፤ "ህንዶቹ ዛሬውኑ አባረሩሽ እንዴ?" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እሷ ጉያዋ ውስጥ ያለውን ወረቀት ስትዳስስ አይቶ ፈረሱን መታ።

ወይንሸት የጠፋችው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጥቅምት ነው፤ ሳሩ የሚደርስበት። ከብት ወደ ተራራው አይገባም እንጂ የማኅበሩ አባል ሳር አጭዶ መሸከም ይፈቀድለታል። ልጅቷ በጠዋት ወጣች። ቀትር ሆነ፣ አልወረደችም። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ። በሦስተኛው ቀን ማጭዷን መሬት ላይ ተሰክቶ አገኙት፤ አጠገቡ ግማሽ ሸክም ሳር። ደም የለም። ጨርቅ የለም። አንዱ ነብር ነው አለ፣ አንዱ ጅብ ነው አለ፣ አንዱ ደላላ አታልሎ አዲስ አበባ ወስዷታል አለ።

በሦስተኛው ወር ደገፉ ሽማግሌና ፓስተር ጠርቶ ለቅሶ ተቀመጠ። የትምህርት ቤት ፎቶዋን ወንበር ላይ አቆሙ። አገር መጣ። አሳየሽ ግን ለቀስተኛው እያያት በቆሎ ስትኮተኩት ዋለች። ሴቶች ሊጎትቷት ቢመጡ፣ "የልጄን ለቅሶ የምትቀመጡ የልጄን ሬሳ አሳዩኝ" አለቻቸው። በማግስቱ ማኅበሩ ዘንድ ሄዳ ጥበቃ ልሁን አለች። ሰው ደን ወዳድ አላት። ቢሮው የምስክር ወረቀት ሰጣት። ደን ወዳ አይደለም፤ ልጇን ፍለጋ ነው።

ደግሞ የምትሰማው ነገር አለ።

ሁምቦ ላይ ቀትር ክፉ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ጥላ እግር ስር ይገባል። ወፍ ዝም ይላል። ፍየል እንኳ አፉን ከፍቶ ይተኛል። በዚያ ሰዓት፣ ከላይኛው ገደል በታች፣ ሳር ሲታጨድ ይሰማል። ሽርክ። ጥቂት ዝም ይላል። ሽርክ። አሳየሽ ስንት ቀን ሮጣ ደርሳለች። ሰው የለም። ሳሩ ግን ታጭዷል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ፣ ጎንበስ ያለ ልጅ በሚቆርጠው ልክ። የሳሩ ጉቶ ሲነካ ገና እርጥብ ነው። በዚያች ቦታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳር ከጉልበት በላይ አድጎ አያውቅም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልጄ አለች፣ ትሠራለች፣ አንድ ቀን ቀና ትላለች ብላ ያዘችው።

ቤት ስትደርስ ደገፉ በር ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል። ዝምተኛ ሰው ነው። እሷ ዛሬም የምትጠራው በበኩር ልጃቸው ስም ነው፤ በሳሚ ስም ጥሪኝ ብሎ ለምኗት እንቢ ብላዋለች።

"የወይንሸት አባት፣ ልጄን ገድለህ ለህንዶች ሰጠሃቸው?"

መጥረቢያውን አስቀመጠ። "ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም።"

"እንግዲያስ ቆመሽ ስሚ። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። አንቺ አንድ ቦታ ላይ ካልተናገርሽው በስተቀር አያልቅም።"

"ምኑ ነው የሚያልቀው? የአንተ አልቋል። ፎቶ አቁመህ፣ ቆሎ በልተህ፣ ጨርሰሃል።"

ደገፉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ "አሳየሽ፣ ቀትር ላይ የምትሰሚውን እኔም እሰማለሁ" አላት።

ያን ጊዜ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከለቅሶው በፊት። ስፈልጋት ሰማሁ። ለቅሶ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው።"

"ሰምተህ ነው ሞታለች ያልከው? እኔ ሰምቼ እኮ ነው አለች ያልኩት!"

"በሕይወት ያለ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሳር አያጭድም። አይርበውም? አይደክመውም? አይጠማውም? አማኝ ነኝ። ይህን ለፓስተሩ አልነገርኩም፤ ሰይጣን ነው ብሎ ይጸልይልኛል። ሰይጣን አይደለም። ልጄ ናት። ፀሐይ ላይ ናት።"

አሳየሽ ዓርብና ቅዳሜ ተራራውን እንደ ወትሮዋ ዞረች፤ ወደ ገደሉ ግን አልወጣችም። ፀሐይ ላይ ናት ያላት ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ጎርፍ የወረደበት ቀን፣ ድርቅ የነበረበት ዓመት፣ እሷ ከዛፍ ስር ተጠልላ ውሃ የጠጣችበት ቀትር ሁሉ ትዝ አላት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ደገፉ ወደ ቤት አልታጠፈም። ወደ ተራራው ሄደ። አሳየሽም የእሁድ ልብሷን እንደለበሰች ተከተለችው። ልጆቹ ሊመጡ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው።

ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። ርግብ ሲጮህ ነበር፤ በመሃል ተወው። ነፋስ ቆመ። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ደገፉ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሽርክ።

ከፊታቸው ነው። አሥር እርምጃ አይሆንም። ሳሩ በአንድ በኩል ጎንበስ አለ፣ እጅ እንደያዘው፤ ተቆረጠ፣ ወደቀ። የሚይዘው አይታይም።

ሽርክ።

አሳየሽ ልትሮጥ ስትል ባሏ ክንዷን ያዛት። "ብትሮጪ ያው ባዶ ነው። ስንቴ ሮጠሻል፣ አይቼሻለሁ።"

"አናግራት! አባቷ አይደለህ?"

"አናግሬያታለሁ። 'ይበቃሻል ልጄ' ብያታለሁ፣ ስንት ጊዜ። ጥቂት ዝም ትላለች፣ የምታዳምጥ ትመስላለች። ከዚያ ትቀጥላለች።" ዘወር ብሎ አያትም። "የያዘችው የኔን ቃል አይደለም፣ አሳየሽ። የማን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ታውቂ እንደሆን እንጂ።"

አሳየሽ ታውቃለች።

ለማንም ያልነገረችው ይህ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ወይንሸት አንዴ ወርዳ ነበር። ላሚቱ ከብዳለች፣ ቤት ውስጥ ሳር የለም፣ አሳየሽ እንቅልፍ አጥታ አድራለች። ልጅቷ በክንዷ ልክ የሆነች ሳር ይዛ እየዘፈነች መጣች። እናትየው ሳሩን ነጥቃ ወረወረችው። "ይሄ ምንድን ነው? ለዶሮ ጎጆ ነው? ተመለሺ! ሸክሙ ሳይሞላ ብትወርጂ፣ ዓይንሽን አልይ!" ልጅቷ ማጭዷን አነሣችና ሄደች። ግትርነቷን ከማን ወሰደችው? ከእናቷ።

ሽርክ።

አሳየሽ ክንዷን ከባሏ አስለቀቀች። አልሮጠችም። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ቆመችና በወላይትኛ ተናገረች፤ ቤት ውስጥ፣ እሳት ዳር፣ እናት ለልጇ በምትናገረው።

"ወይንሸት።"

ድምፁ ቆመ።

"ወይንሸት፣ ሞልቷል። ሸክሙ ሞልቷል፣ ልጄ። በዝቷል እንኳ። ላሚቱ ወልዳለች፣ የወለደችውም ወልዷል። ሳር ሞልቶናል። እኔ ተቆጥቼ ነው ያልኩት፤ ከልቤ አይደለም። ማጭዱን ተዪው። ውረጂ።"

ምንም የለም። ሳሩም ዝም፣ ዛፉም ዝም። ከዚያ፣ ከፊታቸው ያለው ሳር ቀስ ብሎ ተከፈለ፤ አንድ ሰው ያልፍበት ያህል፣ ትንሽ ሰው። ነፋስ የለም። ክፍተቱ ወደ እነሱ መጣ። በመሃላቸው አለፈ። የተቆረጠ ሳርና የልጅ ላብ ሸተታት፤ ቀሚሷ ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አለ። እጇን ሰደደች፤ ፀሐይ ብቻ ጨበጠች። ከኋላቸው ቁልቁለቱን ጠጠር እየተንከባለለ ወረደ፣ ልጅ ስትሮጥ እንደሚንከባለለው። ራቀ። ራቀና ጠፋ።

ርግቡ ጀመረ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ደገፉ ፊቱ ሁሉ እንባ ነው። እሷ ግን እንባ አልመጣላትም። ዓይኗ ደርቆ ወረደች፣ ደርቆ አደረች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሶዶ ገባች። ወረፋ ነበር። ሶፍያ ዘንድ ስትደርስ ስድስት ሰዓት እየቀረበ ነው። ዶክተር መክብብ በር ላይ ቆሟል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዋን ሊሰጣት ይዟል። ከሐሙስ ወዲህ ያፈረ ይመስላል።

"ያን ስምንተኛ ቀን ማውጣት እንችላለን" አላት። "የኔ ጥፋት ነው። ሳልጠይቅዎት..."

"አታውጣው። እጠይቃቸዋለሁ፣ እነዚያን ሴቶች። እነሱ ቀትር ላይ ምን እንደሚሰሙ ማወቅ እፈልጋለሁ።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ሶፍያ፣ ጻፊ። አራት ወልጃለሁ። ሦስት አሉ። አንዷ ሞታለች።"

ቃሉን ስትለው ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ሆነባት። ሶፍያ ቀና ሳትል ጻፈች። ቀጥሎ ያለው ሳጥን ላይ ስትደርስ አመነታች።

"የሞተችበትን ቀን ይጠይቃል።"

"ትላንት።"

"ትላንት?"

"ትላንት ብለሽ ጻፊ።"

ሶፍያ ዶክተሩን አየችው። እሱም "ጻፊው" አላት።

የኮምፒውተሩ ፊደል ሲንኳኳ አሳየሽ ሰማችው። ቀትር ሆኗል። ጆሮዋ በልማዱ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። የትም ቦታ ማንም ሳር አያጭድም። ያን ጊዜ ነው ከሆዷ የወጣው። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ቀጥሎ ግን ፎቁን ሞላው። ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደረቷን እየመታች የልጇን ስም ጠራች፤ ሰው በዱቡሻ፣ በአደባባይ እንደሚያለቅሰው፣ ሳትሸሽግ።

ወላይታ ላይ ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ኮሪደር የምትወለውለው አስናቀች መወልወያዋን ጥላ መጣች፣ "እህቴን! እህቴን!" እያለች ከጎኗ ተቀመጠች። ከሒሳብ ክፍል ሁለት ሴቶች ወጡ። የበሩ ጥበቃ ቆቡን አውልቆ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ለመሬት ጉዳይ የመጣ አንድ ሽማግሌ ፋይሉን መሬት አስቀምጦ ዜማውን ጀመረ፤ ሴቶቹ ተቀበሉት። ዶክተር መክብብ ዜማውን አያውቀውም። ካርዱን እንደያዘ ከኋላ ቆሞ አለቀሰ።

ሲበቃት አስናቀች ውሃ አመጣችላት፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

"ማን ነው የሞተብሽ፣ እህቴ?"

"ልጄ። ወይንሸት።"

"ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?"

ዘጠኝ ዓመት ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ሁሉም የጠየቀው እንዴት እንደጠፋች ነው። አሳየሽ ውሃውን ጨርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"ሰነፍ ነበረች" አለች። "ሥራ አዘሻት ዛፍ ላይ ታገኚያታለሽ። የፓስተሩን ሳል ትስለዋለች፤ ቁጭ እሱን። አንድ እሁድ ከኋላ ሆና ብትስለው፣ ሰውየው ስብከቱን አቁሞ 'ማን ነው የኔን ሳል የሳለው' አለ።"

ሽማግሌው ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ፤ እሷም፣ እንባዋ ሳይደርቅ።

"ከዚያስ?" አለች አስናቀች።

ሶፍያ ፎርሙን አትማ ልታስፈርማት መጥታ ነበር። ወሬው እንዳይቋረጥ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ከሴቶቹ አጠገብ ቆመች።